ስምንተኛው መጋረጃ

ከደሴ የወጣሁት ቅዳሜ ማለዳ ነው። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዬን የፈተሸችው ልጅ ትልቁን መቀሴን አውጥታ አገላበጠችው። «እማማ፣ አውሮፓ መቀስ ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። እማማ መባሉ ከነከነኝ፤ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። «የሰው መቀስ እጄን ያመኛል» አልኳት። ሻንጣው በአውሮፕላኑ ሆድ የሚጫን ስለነበር ሳቀችና መልሳ ከተተችው።

የምሄደው ኖርዌይ፣ ኦስሎ ነው። እዚያ ይማም የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። የካቲት ላይ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ልቡ ድንገት ቆሞ ሞተ፤ አላህ ይርሐመው። እኔ ቪዛ ስጠብቅ ቀብሩም አለፈ፣ አርባውም አለፈ። ቪዛው የተገኘው በአራተኛው ወር፣ ሰኔ ሲገባ ነው።

ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ደሴ ተቀምጬም ማልቀስ እችል ነበር። ይማም እንደኔ መጋረጃ ሰፊ ነበር፤ መቀስ ያስያዝኩትም እኔ ነኝ። ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት ደውሎ፣ «እትዬ፣ አንዲት አሮጊት ሃያ አራት ሜትር ቺት አስረክበውኛል። ለሳቸው ብቻ የታተመ ነው፤ ከሳቸው ቤት በቀር ሌላ ቁራጭ ዓለም ላይ የለም። ከራሴ ልብስ ይልቅ ለሱ ነው የምጠነቀቀው» ብሎኝ ነበር። የሰው አማና፣ የሰው አደራ አንገቱ ላይ እያለ የሞተ ሰው፣ ዕቃው ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ወይም ባለቤቱ ሐላል ብሎ እስኪለቀው ድረስ አያርፍም ተብለን ነው እኛ ያደግነው። ያስነሳኝ ይህ ነው። ቺቱን ሰፍቼ ለባለቤቷ ላስረክብ፣ ወንድሜን ላሳርፍ፣ ልመለስ። ለዚህ ሁሉ ዘጠኝ ቀን ነበረኝ።

እሑድ፣ ቬስትሊ

ከአዲስ አበባ ማታ ተነስተን፣ ስቶክሆልም ላይ ጥቂት አርፈን፣ ጠዋት ጋርደርሞን የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። የይማም ልጅ ሀያት መውጫው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ባርነሃገ በሚሉት የሕፃናት መዋያ የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ አክስትና እኩያ ግን አትለይም፣ ሁሉም አንቺ ነው። «ያ» ካለች አዎ ማለቷ ነው፣ «ኔይ» ካለች አይ። አቅፋኝ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ቡና ጋበዘችኝ፤ በወረቀት ስኒ ሃምሳ አምስት ክሮነር። ቀመስኩትና ሌላ ላለመጠየቅ ወሰንኩ።

በባቡር ወደ ከተማ ገባን፤ ከዚያ ቲ-ባነ በሚሉት የከተማ ባቡር እስከ መስመሩ መጨረሻ ሄድን። ባቡሩ ከመሬት ሥር ወጥቶ ሽቅብ ሲሄድ ግራና ቀኙ ነጭ ግንድ ያላቸው ዛፎች ናቸው፤ በዛፎቹ መሃል ፎቅ፣ ከዚያ ደግሞ ዛፍ። እኔ ሰው ሳይ ፊቱን ሳይሆን ስፌቱን ነው የማየው። ሁሉም ጥቁር፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ ነበር። እስከ ቬስትሊ ድረስ አበባ ያለበት ልብስ የለበሰ አንድ ሰው አላየሁም።

ይማም የኖረበት ፎቅ ከጣቢያው ብዙም አይርቅም። ሀያት የምትኖረው ላምበርትሴተር፣ በዚያው ባቡር ወደ ሌላኛው ጫፍ ሲኬድ ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ የአባቷን ቤት የከፈተችው ሦስት ጊዜ ብቻ እንደሆነ መንገድ ላይ ነገረችኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ቁልፉን አዙራ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። «ግቢና እዪ» አለችኝ።

በሩ ሲከፈት ውስጥ ያለው ሁሉ ተንቀሳቀሰ። ሳሎኑ ዙሪያውን ከጣሪያ ሥር እስከ ወለል ቺት ተሰቅሎበታል። ከደረጃው የገባው ነፋስ አበቦቹን ተራ በተራ ወደ እኛ ገፍቶ መለሳቸው፤ ከጨርቁ ጀርባ ግድግዳውን ይዞ ሰው የሚያልፍ ይመስል ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ። ሀያት ደጃፉ ላይ ቀረች።

ወንድሜ ምን እያደረገ እንደነበር ግን ወዲያው ገባኝ፤ ያስተማርኩት ነው። ረጅም መጋረጃ ከተቆረጠ በኋላ ተሰቅሎ ካልሰነበተ ጫፉ አይታጠፍም። ጨርቅ በራሱ ክብደት ይረዝማልና ሳይረዝም የታጠፈ እንደሆነ መስኮት ላይ ሲወጣ ይወላገዳል። ሦስት ቀን ይበቃዋል። ይማም ቆርጦ ሰቅሎት ሞተ፤ ቺቱም በዝግ ቤት ውስጥ አራት ወር ተንጠልጥሎ ቆየ።

ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ይዣለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም። መደቡ የወተት ቀለም ነው። ቀጫጭን የሰማይ ቀለም መስመሮች ከላይ እስከ ታች ይወርዳሉ፤ በመስመሮቹ መካከል ጥብጣብ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ጥብጣቡ በየክንዱ ርቀት ጽጌረዳ ያስራል። አንዳንዱ ጽጌረዳ ሙሉ ለሙሉ ፈክቷል፣ አንዳንዱ መርገፍ ጀምሯል። ሀያት ከደጃፉ ሆና አባቷ የነገራትን ነገረችኝ፦ የአውሮፓ ባለጠጎች ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሚለብሱትና ቤታቸውን የሚያለብሱበት ንድፍ ነው፤ አሮጊቷ ከእናታቸው ክፍል የተረፈ ብጫቂ አስገልብጠው አሳተሙት።

ቆጠርኩ። አራት መስኮት፣ ለያንዳንዱ ሁለት መጋረጃ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሜትር፤ ስምንት መሆን ነበረበት። ሰባት ነው። ደግሜ ቆጠርኩ። በሩ አጠገብ ያሉት መንጠቆዎች ባዶ ናቸው፤ ከነሱ ቀጥሎ ያለው ሰባተኛው ቁራጭ ጠርዙ ላይ ግማሽ ጽጌረዳ አለው። ጎበዝ ሰፊ ንድፉን ከአንዱ መጋረጃ ወደሚቀጥለው እያያያዘ ነው የሚቆርጠው። ሌላኛው ግማሽ ስምንተኛው ላይ ነው ማለት ነው፤ ስምንተኛው ደግሞ የለም።

ሰኞ፣ ከላምበርትሴተር በታች

ሰኔ ላይ እዚያ አገር ጨለማ የሚባል ነገር የለም። የተኛሁት ወንድሜ አልጋ ላይ ነው፤ ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር አበቦቹ ቁልጭ ብለው ይታዩኛል። ሱብሂን ሰግጄ ቤቱን ማገላበጥ ጀመርኩ። ቁም ሣጥኑን፣ የአልጋውን ሥር፣ ምድር ቤት ያለችውን የዕቃ ማስቀመጫ ሁሉ ፈተሽኩ። የቁርጥራጭ ከረጢቱን ወለል ላይ ገልብጬ ጣት የሚያህሉትን እንኳ አንድ በአንድ አየሁ። ሦስት ሜትር አይወጣውም።

ሀያት ከሥራ ስትመጣ ያልሆነ ጥያቄ ጠየቅኳት። «ከዚህ ጨርቅ ቀሚስ አሰፍተሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ አልቆጣም።»

«ኔይ። አልነካሁትም እኮ።»

«አባትሽስ ለሰው ሰጥቶት ይሆን? ለሚወዳት ሴት፣ ለጓደኛ…»

ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ አየችኝ። «አባዬ የሰው ዕቃ ወሰደ እያልሽኝ ነው?»

አዎ አላልኳትም። አይደለም ለማለት ግን አፌ አልፈጠነም። ልጅቷም ይህን አየች፤ እስከ ጣቢያው ድረስ ቀድማኝ ሄደች።

የሄድነው ወደ አሮጊቷ ነው። ባቡሩ ውስጥ ከሰባተኛው ጫፍ የተረፈች፣ ያው ግማሽ ጽጌረዳ ያለባት መዳፍ የምታህል ቁራጭ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ቀለሟን በብርሃን አያለሁ። ፊት ለፊቴ ጢሙ የሸበተ የኛ አገር ሰው ተቀምጧል፤ ሰላምታ ተለዋውጠን ከየት እንደመጣሁ ጠይቆኝ ነበር። ዓይኑ ቁራጯ ላይ አረፈ። ወሬውን አቋርጦ ተነሳ፤ ሄዶም መጨረሻው በር ጋ ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እንደሚያደርግ ሰው። በሚቀጥለው ጣቢያ ወረደ። ምን አደረግኩት ብዬ ቁራጯን ቦርሳዬ ከተትኳት።

ወይዘሮ ሊቭ የሚኖሩት ከላምበርትሴተር ወደ ባሕሩ በሚያዘቀዝቀው መንገድ፣ ቀለሙ የለቀቀ አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን ናቸው፣ ጣቶቻቸው ግን እንደ ሰፊ ጣት ይፈጥናሉ። ሀያት እያስተረጎመች ስለ ወንድሜ አጽናኑኝ፤ ከዚያ ክፍሉን አሳዩኝ። አራት ረጃጅም ባዶ መስኮቶች፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። የአልጋው ልብስና ወንበሩ ቀድሞውኑ ያንኑ ቺት ለብሰዋል።

«በዚያ ዘመን» አሉኝ ወንበሩን እየዳሰሱ፣ «ሴቲቱ ቀሚሷን ከወንበሯ ጨርቅ ታሰፋ ነበር። እዚህ ስትቀመጥ ከአበባው መሃል የሚታየው ፊቷና እጇ ብቻ ነው። አያቴ ስታወራ ልጅ ሆኜ እፈራ ነበር፤ ባዶ ወንበር ሳይ ሰው ተቀምጦበት ይሆን እያልኩ።» ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ወንበሩን ዓይኔ ፈራው።

ለምን እንደሚቸኩሉም አልደበቁኝም። የተወለዱት እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ ቅጠሉ ሳይረግፍ ይሞታሉ ነው ያሏቸው፤ እሳቸውም ሆስፒታል አልተኛም፣ እዚህ ነው ብለዋል። «እናቴ ያየችውን እያየሁ መሄድ ነው የምፈልገው» አሉ። «ወንድምሽ ሲለካ ይህን ነግሬው፣ በቀስታ ነው የለካው።»

ስምንተኛው መጥፋቱን ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። አፌ እምቢ አለኝ። «ቅዳሜ ይደርሳል» አልኳቸው። ሀያት ዞር ብላ አየችኝ፤ አስተረጎመችው ግን።

ማክሰኞ፣ ቬስትሊ

በማግስቱ ጠዋት በርበሬና ተምር ወደምትሸጥ ከድጃ ወደምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ሱቅ ገባሁ። ሀያት እንዳለችው ይማም በሕይወት ሳለ በየቀኑ እዚያ ቆሞ ያወራ ነበር፤ የሰጠው ሰው ካለ ታውቅ ይሆናል ብዬ ነው። ከድጃ ሳቂታ፣ ለፍላፊ ሴት ናት። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራት ሁለት ኪሎ ሽሮ አስመዘንኩና ቁራጯን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋት። «እህቴ፣ የዚህን ጨርቅ ወንድም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እጇን ከጠረጴዛው አነሳች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አሁን ደግሞ ማን ሞተ?» አለችኝ።

ክው አልኩ። «ማንም አልሞተም። ምነው?»

«ታዲያ ይህን ለምን ይዘሽ ትዞሪያለሽ? እኔ ሱቅ ውስጥ ምግብ አለ፤ በአላህ አንሺልኝ።» አነሳሁ። የነበረበትን ቦታ በጨርቅ ወለወለችው፤ ሁለት ጊዜ። ሌሎች ገዢዎች ሲገቡ ሽሮዬን አቀበለችኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሞርተንሩድ ሐጃ ዘሀራ የሚባሉ አሉ። ስለሱ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

ወጥቼ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ቆንጆ የጽጌረዳ ቺት ነው በእጄ የያዝኩት። አገሬው የሚፈራው ምኑን ነው? የዚያን ቀን ወደ ቤት ስገባ ሰባቱን መጋረጃዎች ወደ ግድግዳው አዙሬ ሰቀልኳቸው። ጀርባቸው ግን ስስ ነው፤ አበባው አሳልፎ ይታይ ነበር።

ረቡዕ፣ ሞርተንሩድ

ሞርተንሩድ በሌላ መስመር መጨረሻ ነው፤ መሃል ላይ ባቡር ቀይረን ከሰዓት በኋላ ደረስን። ከጣቢያው ሲወጣ የገበያ አዳራሽ፣ ከዚያ ፎቆች፣ ከፎቆቹ ኋላ ጫካ። ሀያት ኩርፊያዋ አልወጣላትም፤ ብቻዬን መንገዱ ይጠፋኛል ብላ ግን መጣች።

ሐጃ ዘሀራ የወረባቦ ሰው ናቸው፤ ሰባ የተጠጉ፣ ዝምተኛ። የኛ ሴት ኦስሎ ላይ ስትሞት የሚያጥቧት እሳቸው እንደሆኑ ሀያት ሊፍት ውስጥ ሹክ አለችኝ። ሶፋቸው ላይ አስቀምጠው ሻይ ቀዱልን። ቁራጯን ሳወጣ እሳቸው እጃቸውን አላሸሹም። ተቀብለው በሁለት ጣታቸው አሹ፣ እንደ ጨርቅ አዋቂ።

«ይህን ጨርቅ በእጄ አጥቤዋለሁ» አሉ። «ተኩሼዋለሁም። የት አገኘሽው? የኛው እኮ አልተቆረጠም።»

«የእናንተ ማለት?»

«የጀናዛው ልብስ ነዋ፣ ልጄ። መስጊድ ነው ያለው። የኛ ሰው ሲሞት ሳጥኑን የምናለብሰው በሱ ነው። ከየካቲት ወዲህ ሰባት ሰው ሸኝቷል። ቆንጆ ስለሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ይፈራዋል።»

ሻዩን አስቀመጥኩት። «መስጊዱ ከየት አገኘው?»

«ከመጀመሪያው ጀናዛ ጋር መጣ። ከራሱ ቤት ነው የመጣው፤ ጓደኞቹ አልብሰውት መጡ፣ ከቀብር በኋላም በስሙ ሶደቃ ብለው ተዉት። የወሎ ልጅ ነበር፤ ሰፊው፣ ይማም።»

ሀያት ከጎኔ ነበረች። በቀብሩ ቀን ከሴቶቹ ጋር ቬስትሊ፣ ጎረቤት ቤት ነው የተቀመጠችው፤ መቃብር አልሄደችም፤ የአባቷን ሳጥን አላየችም። እኔም አላየሁትም። አራት ወር ሙሉ ከልጁና ከእህቱ በቀር አገር ምድሩ ያየው ጨርቅ ነው። «አባዬን ነው የሸፈነው?» አለች በቀስታ፤ ከዚያ በኖርዌጅኛ የማልሰማው ነገር ተናገረች። ሐጃ ዘሀራ ተነስተው ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አደረጉት። እኔ እጄን ልዘረጋላት ፈልጌ አፈርኩ፤ ሰኞ ዕለት አባቷን ያማሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ መስጊዱ

አልብሶ ያመጣው ጓደኛው ሰዒድ ይባላል። አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የመስጊዱ የመታጠቢያ ክፍል ቁልፍ እሱ ጋ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ሥራውን ጨርሶ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ መጣ። መስጊዱ ከተማው መሃል፣ ከአንድ ጎማ መጠገኛ በላይ ነው። እንደቆምን ነገሩን ነገርኩት፤ ጨርቁ የይማም አለመሆኑን፣ የአሮጊቷ አማና መሆኑን።

ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ ሰሚራ፣ ከመንጠቆው ያወረድኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ያውቁታል፤ በኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የቤቱን ጨርቅ ሳይለብስ ከደጁ አይወጣም፣ የጎረቤት ዓይን ያሳፍራል። መስጊዱ አረንጓዴ ጨርቅ ነበረው፤ እኔ ግን ይማም በሰው ጨርቅ አይሄድም አልኩ። ግድግዳው ሁሉ አበባ ነው፤ የቤቱ መጋረጃ መሰለኝ። በሩ ጋ ያለውን ቆንጆውን መረጥኩ።» ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «የሰው አማና አሸክሜ ነው የቀበርኩት?»

እኔም ሌሊቱን ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። «ክፈተው» ብቻ አልኩት።

የመታጠቢያው ክፍል በነጭ ሸክላ የተለበጠ ነው። ቁም ሣጥኑ ሲከፈት የካፉር ሽታ ወጣ፤ የሬሳ መታጠቢያ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ያ ቀዝቃዛ ሽታ። ቺቱ ከመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሰውነቴ ሁሉ አትንኪው አለኝ። አነሳሁት። ከሌሎቹ ሰባቱ ይልቅ ለስላሳ ሆኗል፤ ከብዙ መታጠብ ነው፤ ቀለሙም በጥቂቱ ፈዟል። ጠርዙን ፈለግኩ። ከቦርሳዬ ቁራጯን አውጥቼ ጎን ለጎን ስገጥማቸው ጽጌረዳዋ ሙሉ ሆነች። ያን ጊዜ ነው ለይማም ደህና አድርጌ ያለቀስኩት፤ ከተለመደው የለቅሶ ጊዜ በአራት ወር ዘግይቼ።

«የባለቤቷ ነው፤ እኛ ልንሰጠውም ልናስቀረውም አንችልም» አለ ሰዒድ። «ይውሰዱት። አሮጊቷ ሬሳ የሸፈነ ጨርቅ እርሜ ነው፣ አልወስድም ካለችም እኔው ፊቷ እቆማለሁ።»

ቅዳሜ፣ የሊቭ ክፍል

ዓርብን ሙሉ ሰፋሁ። ሀያት ፈቃድ ወስዳ መጣችና ጠርዙን በመርፌ እየያዘች አቀበለችኝ። «ሰኞ ያልኩሽን…» ብዬ ስጀምር፣ «አውቃለሁ፣ አክስቴ። መንጠቆውን አቀብዪኝ» አለችኝ። ከሰባቱ አንዱንም ሳላበላልጥ አጠፍኩ፤ ከላይ በኩል መንጠቆ የሚይዘውን ነጭ ጥብጣብ ሰፋሁ። ስምንተኛውን ስሰፋ መቀሴን አንዴም አላስነካሁትም። ስንት ሰው የለካ ጨርቅ እኔ ልቆርጠው እጄ አልሄደም።

ቅዳሜ ሰዒድ በገዛ መኪናው አደረሰን፤ ውጭ ቆሞ ቀረ። ወይዘሮ ሊቭ አልጋቸው ላይ ነበሩ። በአምስት ቀን ውስጥ ከስተዋል። ሰባቱን ከሰቀልን በኋላ ስምንተኛውን ታጥፎ እንዳለ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማን እንዳወረደው፣ ለምን እንዳወረደው፣ ማንን ማንን እንደሸፈነ። ሀያት እያስተረጎመች መሃል ላይ፣ አባቷ ጋ ስትደርስ ቆመች። ሴትዮዋ አላቻኮሏትም።

መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ሰባቱ መጋረጃዎች አንድ ላይ ወደ ውስጥ ተነፍተው ተመለሱ።

«ስንት ናቸው?» አሉ በመጨረሻ።

«ሰባት። የመጀመሪያው ወንድሜ ነው።»

እጃቸውን ዘረጉ። ጭናቸው ላይ አደረግኩላቸው። ወደ ፊታቸው አንስተው አሸተቱት፤ ከታጠበ በኋላም ካፉሩ ጥቂት ይሸታል። ወደ ሀያት ዞሩ። «አባትሽ ረጅም ነበር፤ ትዝ ይለኛል።»

«ያ» አለች ሀያት። «በጣም።»

«እግሩን ሸፍኖት ነበር?»

ሀያት አላወቀችም። ወጥታ ሰዒድን ጠየቀችው። ተመልሳ «ሸፍኖት ተርፏል» አለች።

«እንግዲያ ለኔም ይበቃል» አሉ ወይዘሮ ሊቭ። «ቀድሞኝ ለክቶልኛል።»

ሴትዮዋ ግን የቀለዱ አይመስሉም፤ ልብስ ለክተው ልኩ እንደሆነላቸው ሰው ነበሩ። ሐላል ይበሉን ብዬ ለመንኳቸው፤ ሀያት ይህን ለማስረዳት ብዙ ተናገረች፣ እሳቸው አጭር መለሱ። «ምንም አልጎደለብኝም፤ ሰውየው የኔ ምንም የለበትም፣ ጓደኛውም የለበትም ትላለች» አለችኝ ሀያት። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከየካቲት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሳ በግልጽ ተሰማኝ።

ስምንተኛው በአልጋቸው በኩል ካለው መስኮት ላይ እንዲሰቀል አዘዙ፤ ጽጌረዳዋ ከሰባተኛው ጋር ገጠመች። ከዚያ ሀያትን አጠገባቸው አስቀምጠው ወረቀት አጻፏት፣ ፈረሙበትም። ጊዜው ሲደርስ ይህ መጋረጃ ይውረድ፣ እኔን ከአልጋዬ እስከ ደጅ ይሸፍነኝ፣ ከዚያ ወደመጣበት ሰዎች ይመለስ፤ ስጦታዬ ነው። ወረቀቷን በመርፌ ቁልፍ ከመጋረጃው ጀርባ አያዝኳት።

ስንወጣ ከበሩ ሆኜ ወደ ኋላ አየሁ። ወይዘሮ ሊቭ የአልጋውን ልብስ እስከ አገጫቸው ስበዋል። መስኮቱ ላይ ጽጌረዳ፣ ወንበሩ ላይ ጽጌረዳ፣ አልጋው ላይ ጽጌረዳ፤ በዚያ ሁሉ አበባ መሃል የሚታየኝ ፊታቸውና እጃቸው ብቻ ነበር። እጃቸውን አንስተው ተሰናበቱኝ።

ደሴ

ቀሪዎቹን ቀናት የይማምን ቤት ባዶ አደረግን፤ መቃብሩንም ሰዒድ ወስዶ አሳየን። ሰኞ ማታ ተሳፈርኩ፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ወርጄ በታክሲ ደሴ ገባሁ። ዝናብ ነበር።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ለሚለኝ የምመልሰው አንድ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ የሰው ጨርቅ ላይ አደራ እላለሁ። ወንድሜ አደራውን ጠብቋል፤ አንዲት ሴንቲ ሜትር አላጎደለም። የጎደልኩት እኔ ነኝ፤ ሕያዋኑን ሳልጠይቅ ሟቹን ጠረጠርኩ። አሁን አንድ ነገር ሲጠፋ አስቀድሜ ማን በፍቅር ወሰደው ብዬ እጠይቃለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ሀያት ፎቶ ልካልኛለች። ነጭ ሸክላ፣ የተከፈተ ቁም ሣጥን፣ የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ የተጣጠፈ ቺት። በጣቴ አስፍቼ አየሁት። ከላይ በኩል የሰፋሁት ነጭ ጥብጣብ አልተፈታም፤ ሁለት መንጠቆ እንኳ ሳይወልቅ ቀርቶበታል።

ከሥሩ «ከአልጋዋ እስከ መኪናው ለበሰችው። እግሯን ሸፍኗታል፣ እኔ ነኝ ያስተካከልኩላት» ብላ ጽፋለች።